መጽሐፍ ወዳዱ ሰብሳቢ

አገራችን መጽሐፍ ሰብሳቢ የላትም የሚል ሰው ያሉንን ሰብሳቢዎች አላስተዋለም። ለንደን ያለ ባለጸጋ ደራሲው የፈረመበትን አንድ የመጀመሪያ እትም ፍለጋ ዕድሜውን ይፈጃል። የእኛው ሰብሳቢ እንዲህ ባለ ትዕግሥት አይታሙም። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ሲያወጣ፣ መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ የቀረውን ጠቅልለው ወሰዱት፤ ዋጋም አልተከራከሩም። በንጉሡ ዘመን የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ሲወዱትም እንዲሁ ነበሩ። የሰብሳቢው ስም ይለወጣል እንጂ ፍቅራቸው አይለወጥም።

መጽሐፍን ብርቅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የበዓሉ ፊርማ ያረፈበት «ኦሮማይ» ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰምና ከዚያ ወዲህ የፈረመው የለም። የሌላው አገር ሰብሳቢ ፊርማ እስኪወደድ በትዕግሥት ይጠብቃል። አዋቂው ግን እንዳይረክስ ከምንጩ ይጠነቀቃል።

አዳማ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ዋና ጨዋታው ያለፉትን ባለቤቶች መከታተል ነው። መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነው። «ናዝሬት» ካለ ዘመኑ አያከራክርም፤ «አዳማ» ካለ ግን ወይ እጅግ አሮጌ ነው ወይ እጅግ አዲስ። «ደብረ ዘይት» እና «ቢሾፍቱ»፣ «ዝዋይ» እና «ባቱ» የሚሉትም ለዚሁ ይጠቅማሉ። የሚገርመው የማኅተሞቹ አቀማመጥ ነው። ገጹ ላይ ስንት ባዶ ቦታ እያለ አዲሱ ማኅተም ከፊተኛው አናት ላይ ይመታል፤ እያንዳንዱ ባለማኅተም መጽሐፉን ራሱ የጻፈው ይመስል ርዕሱን ይሸፍናል። ውስጡን ለገለጠ ሰው ግን ጽሑፉ ያው ጽሑፍ ነው፤ የኅትመት ስሕተቱም ሳይታረም ከባለቤት ወደ ባለቤት በርክክብ ይተላለፋል።

በብዕር ቀለም በተጻፈ የሰው ስም ላይ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከገጠመዎ ሐምሌ 1967ን ያስታውሱ። ያኔ የታወጀው ስለ ከተማ ቦታና ስለ ትርፍ ቤት ነው። ስለ ትርፍ መጽሐፍ አንድም አንቀጽ አልነበረበትም። መደርደሪያው ግን ቤቱ ውስጥ ነበር።

ሽፋኑ የወለቀና በጋዜጣ የተለበደ «ኦሮማይ» ሲያጋጥም ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ አላዋቂነት ነው። በዓሉ የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅ ነበር። መጽሐፉ በዚያው ጋዜጣ ተለብዶ ከተገኘ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ለባልደረባው ያደረገለት ውለታ ነው ብለው ይያዙት፤ በግልጽ ያደረገለት ሌላ ውለታ ቢፈለግ አይገኝም። (መንግሥት ያተመው ወረቀት መንግሥት የማይወደውን ገላ ሲሸፍን ይህ የመጀመሪያው አይመስለኝም።)

የመጀመሪያው ገጽ በምላጭ የተቆረጠበትም አለ። የባለቤቱ ስም የነበረው እዚያ ላይ ነው። የውጭ አገር ነጋዴ ይህን «ጉድለት» ብሎ ይመዘግባል። እኔ ብሆን ዋጋ እጨምርበት ነበር፤ ያ ባለቤት ሰብሳቢው የሰው ስምና ፊርማ ምን ያህል እንደሚወዱ ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና።

ዛሬ «ኦሮማይ» በየአዟሪው እጅ በግላጭ ይሸጣል፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛም ታትሟል። ስለዚህ ሰብሳቢው መጽሐፍ መውደዳቸውን ትተዋል የሚሉ የዋሆች አልጠፉም። ፍቅራቸው አሁን በየትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳረፈ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ፣ ጸሐፊዋ በትሕትና ትመልስለታለች፦ ስብሰባ ላይ ናቸው።