ቀድሞ ያረዳ ይሸለም

አያቶቻችን መርዶ መንገር አያውቁበትም ነበር። ሰው ሲሞት ቶሎ በመናገር ፈንታ ተሰብስበው ይመክራሉ፦ ልጁን ማን ቢነግረው ይሻላል? ግፊት አለበት? ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት? ሌሊቱን በሰላም እንቅልፍ ያሳድሩትና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለሥራ ሳይወጣ፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ጎረቤት አስከትለው በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በር ከተንኳኳ ነገሩ ቃል ሳይወጣ ይገባል፤ ቢወድቅ ግን የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ዓረፍተ ነገር! ብክነት ካልሆነ ምን ይባላል?

ደግነቱ ፌስቡክና ቴሌግራም ደረሱልን። ዛሬ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ፎቶው ሻማ በርቶለት ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይዥጎደጎዳል፤ ሁለት ቃል መጻፍ የከበደው የተጋጠሙ እጆች ኢሞጂ ጣል አድርጎ ወደሚቀጥለው ቀልድ ያልፋል። ቤሩት ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የሟቹ እህት ሰሃን እያጠበች ስልኳን ከፈት ስታደርግ ወንድሟን ከነሻማው ታገኘዋለች። በቤቱ አማርኛ የሚሰማ የለም፤ እንግዶቹም ምሳ እየጠበቁ ነው። ምን ይደረግ፣ ወሬ ከቀዘቀዘ ላይክ አያመጣም። እንዲያው ለነገሩ፣ ዋትሳፕ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንዴ ከአምስት ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከልክሏል። የአሜሪካ ኩባንያ ከእኛ ይልቅ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ!

«ዘመድ አገር ለአገር ተበትኗል፤ ቀብሩም ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ነው፤ እስክትመካከሩ ማን ይጠብቃል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ስደተኛ ልጁን «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» እያለ ዓመት ሙሉ የሚሸነግል ቤተሰብም አለ፤ እሱ ደብቋል እንጂ ተጠንቅቋል አይባልም፣ ልጅቱም ይቅር አትለውም። ነገር ግን ለቀብር መድረስ ያለበት ጥቂት ሰው ነው፤ ለእሱ ስልክ ይደወልለታል። በግሩፑ ያሉት ሦስት መቶ አባላት ሁሉ ትኬት ሊቆርጡ ነው እንዴ?

ደግሞ ስልኩ ራሱ ለዝግታ አያንስም። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆች አንዲትን ሴት ለማርዳት የሚደዋወሉበት ያው ስልክ ነው፦ «ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለች? ቁልፉ ማን ጋ አለ? ቄሱ ይመጣሉ?» ቤቷ ተሰብስበው ሊጠብቋት ይስማማሉ፤ አብሯት የምትኖረውም እስኪደርሱ ድረስ ስልክ እንዳታይ በሰበብ ታዘናጋታለች። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሲዞሩ ግን አዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ትጉህ ዜጋ ስሟን ታግ አድርጎ «እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ይቀድማቸዋል። ለቅሶ ለመድረስ ግን ጊዜ የለውም፤ ሌላ የሞተ መኖሩን ገና እያጣራ ነው።