የቤት ሠራሽ መደርደሪያ አሠራርና አያያዝ

የቤት ሠራሽ የእንጨት መደርደሪያ መዶሻ፣ መጋዝ፣ መፍቻ፣ መሰርሰሪያና የተረፈ ቀለም የሚቀመጥበት፣ አባወራ እሑድ ከቁርስ በኋላ አስቦት ከምሳ በፊት የሚጨርሰው ሥራ ነው። አናጺ አይጠራም። አናጺ ሜትር ይዞ ይመጣል፤ ሜትር ደግሞ የባለቤቱን ዓይን ያሳማል።

ልኬቱ በስንዝር ይወሰዳል። እጅ ሲደክም ስንዝሩም ስለሚያጥር አራቱ እግሮች አራት ዓይነት ቁመት ይኖራቸዋል፤ ልዩነቱ በታጠፈ ካርቶን ይሞላል።

እንጨቱ እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዛፍ ከነእርጥበቱ ተቸንክሮ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱ በየወሩ አዲስ መደርደሪያ ያገኛል። ደረቅ እንጨት ግን እንደሠሩት ይቀራል፤ ይሰለቻል።

ጣውላው መሃሉ ሳይደገፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋል። በየሜትሩ ያለው ክብደት ሳይለወጥ በድጋፎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ጣውላ 16 እጥፍ ይጎብጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ተንሸራቶ መሃል ላይ ስለሚገናኝ ፍለጋ ይቀራል።

የሥራው ጥበብ ያለው ሰያፉን በመተው ላይ ነው። አራት ማዕዘን ክፈፍ ወደ ጎን ሲገፋ ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ቅርፁን አይለቅም። አናጺ ከጀርባ ሰያፍ የሚመታው ለዚህ ነው። በቤት ሠራሹ ይህ ኃላፊነት ለዕቃዎቹ ይሰጣል፦ መሰርሰሪያው ከግራ፣ የቀለም ቆርቆሮው ከቀኝ ይደግፋሉ፤ መዶሻው ከእግሩ ሥር ይወሸቃል። ከዚያ ወዲያ መዶሻው ምሰሶ ነውና አይነሳም። ምስማር መምታት ሲያስፈልግ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፦ «እትዬ፣ አባዬ መዶሻ አውሱን ብሏል።» ጎረቤትም መደርደሪያ ሲሠሩ የእነሱም መዶሻ ሥራ ይይዛል። በመጨረሻ ለሰፈሩ አንዲት መዶሻ ትቀራለች። እንደ ዕቁብ በዕጣ ትዞራለች፤ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጥላታል፤ ያለ ዋስ አትሰጥም። ለቅሶ ሲደርስ የዕድሩን ድንኳን ካስማ ለመምታት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ግን መደርደሪያ ጀምሬአለሁ ብሎ ይሟገታል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አስከሬኑ ይቆያል።

ሰያፍ አንዲት እንጨትና ጥቂት ምስማር ነው። ይህን ያህል ሥራ የሚያስቀር ስንፍና ብቻ ነው።

መደርደሪያውን ከግድግዳ ጋር ማሰርም አይመከርም፤ ልጅ ሲንጠለጠልበት አብሮት መውረድ አለበት።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ መደርደሪያው ክፍል ውስጥ ስለተቸነከረ በበር አይወጣም። ዕቃዎቹም ከተነሱ ስለሚወድቅ ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ ከነዕቃው ይተወዋል። አከራዩም «መደርደሪያ ያለው ክፍል» ብሎ ኪራይ ይጨምርበታል።