ካፖርት የለበሰች ፀሐይ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ሁለት ዓይነት ሰው ይገባል፤ አንዱ ከመንዝ በግ ይዞ፣ ሌላው ከጣሊያን ፎቶ ይዞ። ባለበጉ ዋጋውን ነግሮህ ይሄዳል። ባለፎቶው ግን ስልኩን አፍንጫህ ሥር ደቅኖ «ይህ ናፖሊ ነው፣ ይህ አማልፊ ነው፣ ይህ ደግሞ እኔ ነኝ» እያለ ሻይህን ያቀዘቅዝብሃል። ባይነግርህም ታውቀዋለህ፤ ባሕሩን ከልሎ የቆመው እሱ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ያዘኝ።

«የእናንተ አገር እኮ ፀሐይ የላትም» አለኝ።

«አለች እንጂ። ካፖርት ለብሳ ስለምትወጣ አላወቅሃትም።»

«እዚያ የባሕሩ ነፋስ ፊትህን ዳሰስ ያደርግሃል።»

«እኛ ጋ ዳሰስ የለም፤ በጥፊ ነው።»

«ሰዉ ሁሉ አሸዋው ላይ ራቁቱን ነው የሚጋደም!»

«እዚህ ራቁቱን የሚታየው የተሸለተ በግ ብቻ ነው። እሱም ወዶ አይደለም፤ ፀጉሩ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሄዶበት ነው።»

«ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ብታያቸው...»

«ጭላዳን አላየህም ማለት ነው። ገደል አፋፍ ላይ፣ ቀይ ደረቱን ገልጦ፣ ፀጉር ካፖርቱን ሳያወልቅ ፀሐይ የሚሞቅ እሱ ነው። ለወንበርና ለጃንጥላም ኪራይ አይከፍልም።»

ይሄኔ ወሬውን ወደ መጠጥ አዞረው። ሊሞንቼሎ የሚባል የሎሚ መጠጥ አለ፤ አንዲት ፉት ስትል ፀሐይ ደረትህ ውስጥ ትገባለች ብሎ ማለ። ጥግ ላይ አረቄ የሚቀዱት እማማ ከጀመረ አንሥቶ ሲያዳምጡት ቆይተው «የኔ ልጅ፣ እዚህ ፀሐይ በመለኪያ ነው የምትሸጠው፤ ልቅዳልህ?» አሉት። ቀዱለት። ጠጣ። ለጥቂት ጊዜ ስለ አማልፊ የሚናገር ሰው ጠፋ።

ለነገሩ ብርዳችን ታሪካዊ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ነው ከተማዋን እዚህ ያቆሟት ይባላል። ብርሃኑ ወረደ፤ ሙቀቱ እዚያው ላይ ቀረ። እኛም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ወጥተን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባና ደርበን፣ የቀረውን እንዲልኩልን እየጠበቅን ነው።

አረቄው ሲለቀው ተመለሰብኝ። «ሲሲሊ ብትሄድ ብርድ የሚባል ነገር ትረሳለህ።» እውነቱን ነው። በነሐሴ 2021 ሲራኩዛ አጠገብ 48.8 ዲግሪ ተመዝግቦ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአውሮፓ ክብረ ወሰን ብሎ አጽድቆታል። (ዘመኑን በፈረንጅ የምቆጥረው ወሬው የፈረንጅ ስለሆነ ነው።) በዚያ ሙቀት ሰው ብርድን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ስም ይረሳል። ብርድ ሲመጣ የሚደረብ አይጠፋም፤ ሙቀቱ ልብስህን ካስወለቀህ በኋላ ግን የሚቀርህ ቆዳህ ነው።

«ሕዝቡስ ብትል፣ እንግዳ ወዳድ!» አለ። ባርሴሎና ላይ በሐምሌ 2024 የከተማው ሰው አደባባይ ወጥቶ ምሳ የሚበሉ ቱሪስቶችን በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ሲረጭ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ቬኒስም በዚያው ዓመት ውላ ከምትመለስ እንግዳ በተመረጡ ቀኖች የመግቢያ 5 ዩሮ መሰብሰብ ጀምራለች። «አንኮበር ብትመጣ ደመናው ራሱ ያረጥብህ ነበር፤ ያውም በነፃ» አልኩት።

ቪዛው እንዴት እንዳንገላታው ሲነግረኝ ግን ልቤ ራራ። የባንክ ደብተር፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ እመለሳለሁ የሚል ማስረጃ። በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ያለ ፈቃድ እዚያ የቀሩ ዜጎቻችሁን ለመመለስ መንግሥታችሁ አልተባበረንም ይላል።

«አይክፋህ፤ ብድራቸውን ነው የመለሱት» አልኩት።

በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የመናገሻይቱ የአንኮበር ኤምባሲ ፋሬ ነበር፤ ቆላው ላይ፣ ዳገቱ ሳይጀመር። ቆንስሉ ወላስማ መሐመድ ናቸው፤ የይፋት በር በእሳቸው እጅ ነው። ፈረንጁ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ፋሬ ሲደርስ «ንጉሡ እስኪፈቅዱ ተቀመጥ» ይባላል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1841 አጃቢ ወታደርና የስጦታ ሣጥን አግተልትሎ መጥቶ እዚያው ተንቆራጥጧል፤ በመጽሐፉም ወላስማን ክፉኛ አማርሯቸዋል። የሆቴል ማስያዣ ግን አልጠየቁትም።

ልዩነቱ ምን መሰለህ? የእነሱ ጭንቀት የገባው አልወጣ ማለቱ ነው። የእኛ ነገሥታት ደግሞ የገባውን ያለ ፈቃዳቸው አያስወጡም ነበር። ከሁሉ የከፋው የፖርቱጋሉ ፔሮ ዳ ኮቪልሃ ዕጣ ነው። ሰውዬው በ1487 ከአገሩ ተነሥቶ ባርሴሎናን፣ ናፖሊን፣ ሮድስንና እስክንድርያን ረግጧል። ዛሬ አስጎብኚ ድርጅት «ፀሐያማው የሜዲትራንያን ጥቅል ጉዞ» ብሎ የሚሸጠው መንገድ ይኼው ነው። ከብዙ ዙረት በኋላ አፄ እስክንድር ግቢ ደረሰ። ንጉሡ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ በኋላ የነገሡት አፄ ናዖድ ደግሞ መሄድ የለም አሉ። ርስት ሰጡት፣ ሚስት ሰጡት፣ የመመለሻ ቲኬት ብቻ ነሡት። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ ኮቪልሃን ሸምግሎ እዚሁ አገኙት። ሜዲትራንያንን ጎብኝቶ እዚህ የቀረ ሰው አለና ወዳጄ፣ አንተ ሜዲትራንያን ደርሰህ ስለተመለስህ ብቻ እኛ ላይ አትንጠራራ።

እኔን የሚገርመኝ ባለፎቶው ሁሉ እዚያ የደረሰው እሱ ብቻ የሚመስለው መሆኑ ነው። መንገዱ እኮ ቀድሞ የተረገጠው ከወዲያ ወደዚህ ነበር። ያንን ሁሉ ወይንና ወይራ ጥለው፣ ያንን ሰማያዊ ባሕር ተሻግረው አንኮበር ዳገት ላይ ሲያለከልኩ የነበሩት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።

አቡነ ማስያስን እንጥራ፤ ካፑቺኑ የካቶሊክ መነኩሴ ጉሊየልሞ ማሳያ። ከ1868 እስከ 1879 ሸዋ ኖሩ፤ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ውጡ ተብለው ወጡ። አገራቸው ገብተው የ35 ዓመት የኢትዮጵያ ተልእኳቸውን በ12 ቅጽ ጻፉ። ያንተን ጉዞ ጽፈን ብንጨርሰው ስንት ቅጽ ይወጣዋል? ሁለት መቶ ፎቶና አንድ ልብ።

ወይም የፔሩጃውን ባላባት ኦራዚዮ አንቲኖሪን እንይ። በ1876 የጣሊያንን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑክ መርቶ ሸዋ ገባ፤ ምኒልክም ከአንኮበር ሥር ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። ስሙ የሌት ነው፣ እሱ ግን ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር አረፈበት፤ በነሐሴ 1882 ሞቶ እዚያው ተቀበረ። አንቲኖሪ የወፍ ሊቅ ነበር። የሚያስቀው፣ በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽዬ ቡናማ ወፍ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረችው ገና በ1979 ነው፤ እሱ ካለፈ ወደ መቶ ዓመት ሲጠጋ። የሸዋ ወፍ ናት፤ እንግዳ ስለመጣ ብላ ከጎጆዋ አትወጣም።

አሁን ደግሞ ወደምወደው ልምጣ። አርተር ራምቦ። ፈረንሳዮች እንደ ታቦት የሚያከብሩት ገጣሚ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ቆጵሮስ ወረደ፤ ላርናካ ዳርቻ የድንጋይ ካባ አለቃ ሆኖ ሠራ። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጋደምበት ዳርቻ ላይ እሱ ድንጋይ ያስፈልጥ ነበር። ፀሐዩን ጠግቦ ኤደን፣ ከዚያም ሐረር ገባ። በ1886 መጨረሻ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣና በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ሀብታም ልሆን ነው ብሎ ሲያስብ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው። ተከትሎ እንጦጦ ወጣ።

እዚያ የጠበቀው ግጥም የሚያደንቅ ሰው አይደለም። የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ነው። «ላባቱ ገንዘቤን ሳይከፍለኝ ሞቷል» የሚል በየበሩ ብቅ አለ፤ አንዱ ሲሸኝ ሌላው ይገባል። ምኒልክም የላባቱን ዕዳ ከዋጋው ላይ ቀነሱ፣ የጠመንጃውንም ዋጋ ሰበሩ፣ የቀረውን ሐረር ላይ ገዥው መኮንን እንዲከፍሉት ወረቀት ጻፉለት። ገጣሚ ከሸዋ ሰው ጋር ዋጋ ሊከራከር! ፓሪስን በስንኝ ያስደነገጠ ሰው እኛ ጋ በሒሳብ ተረታ። በ1891 በ37 ዓመቱ ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ፤ ያው ፀሐያማው ዳርቻ ላይ። የዓለምን ሥነ ግጥም የለወጠ ሰው የደረሰበትን አንኮበር፣ ፎቶ ብቻ ያነሣ ሰው «ገጠር» ሲለው መስማት ያማል።

«እሺ፣ እነሱ መጡ። የእኛ ሰው ግን መቼ ሄደ?» አለኝ ባለፎቶው፤ ያዝኩህ የሚል ፊት ነበረው።

ሄዷል። በ1889 ደጃዝማች መኮንን፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ናፖሊ ወረዱ። አቡነ ማስያስ በዚያው ነሐሴ ከናፖሊ አጠገብ ነው ያረፉት፤ አንዱ የሸዋ ነዋሪ ሲያሸልብ ሌላው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። መኮንን ሮም ገቡ፣ ንጉሥ ኡምቤርቶ ተቀበሏቸው፤ ጥቅምት መባቻ ላይ ናፖሊ የውጫሌው ውል ተጨማሪ ስምምነት ተፈረመ፣ አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተገኘ። አስተውል፤ አንተ ከናፖሊ ያመጣኸው ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ነው፣ እሳቸው ያመጡት ብድር ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ አምባላጌ ላይ የጦሩ ግንባር ሆነው ከጣሊያን ጋር ተገናኙ። የተጎበኘ አገር እንዲህ ነው ብድሩ የሚመለስለት!

እዚህ ላይ ሰውዬውን ትቼ ወደ እኛ ወደ ቀሪዎቹ ልዙር፤ ተረብ ዘመድ አይመርጥም። የአማልፊን ሎሚ ዋጋ የሚያውቅ፣ አልዩ አምባ ግን ሰው ይሁን ቦታ የሚጠፋው የደብረ ብርሃን ልጅ ሞልቷል። የአዲስ አበባውማ አይነሣ። 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ ይመጣና ጣርማ በር ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ደብረ ሲና ወርዶ ቆሎ ይገዛል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማንጎ ይጭናል፤ ሲመለስ «ሰሜን ሸዋን አየኋት» ይላል። ነገሥታት የተቀመጡባትን አንኮበርን ወደ ጎን ትቶ ሰሜን ሸዋን ያየ ሰው፣ ቫቲካንን ሳያይ ሮምን አየሁ ቢል ይታመናል?

«ባሕር የላችሁም» የሚለው ነገርም አሁን ይብቃ። የምኒልክ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ላይ ጠዋት ውጡ። ከእግራችሁ ሥር እስከ አፋር ድረስ ደመና ይተኛል፤ ነጭ፣ ጠርዝ የሌለው፣ ኮረብቶቹ እንደ ደሴት ብቅ ያሉበት። የጎደለው መርከብ ብቻ ነው። ዋና አይሞከርም፤ የመጀመሪያው ዘለላ የመጨረሻው ነው።

መንገዱ ዛሬ እንደልብ ተነሥተው የሚሄዱበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ ላይ ተረብ የለኝም። ሰላም የዋለ ቀን ግን አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ 45 ቀን አያስጠብቅም፣ የባንክ ደብተር አይጠይቅም፣ ወላስማ መሐመድም ፋሬ ላይ የሉም። ባና ያዙና ሂዱ።