ጠጪው ዘበኛ

በየቤተሰቡ አንድ አጎት አይታጣም። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እጁ ባለሙያ ነው፣ ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል፤ ግን ይጠጣል። መክሮ መክሮ የሰለቸው ዘመድ በመጨረሻ ተሰብስቦ የሚወስነው የታወቀ ነው፦ «ጥበቃ እናስቀጥረው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ብዙ አያጠፋም።»

የሂሮሺማው ማዝዳ በቫንከል ሞተር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ይህ ሞተር ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ፒስተን የለውም። ሦስት ማዕዘን የመሰለ ሮተር ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ቫልቭ የለው፣ መንቀጥቀጥ አያበዛ፣ ለጉልበቱ ሲታይ ትንሽና ቀላል ነው። ነገር ግን የሚያቃጥልበት ክፍል ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነዳጁ በቅጡ ሳይነድ ይወጣል። የሮተሩ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ደግሞ እንዳይበሉ ሆን ተብሎ ዘይት ይሰጣቸዋል፤ ዘይቱም አብሮ ይቃጠላል። በጋራዥ ቋንቋ ዘይት ይበላል፣ ቤንዚን ይጠጣል። ምግቡም መጠጡም አልቀረበትም።

የፈጠረው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ዓይኑ ከሩቅ ስለማያይለት ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። (የማደያ ወጪ ለምን እንዳላሳሰበው የገባኝ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።) በፈረንጆቹ 1967 የጀርመኑ ኤንኤስዩ በዚሁ ሞተር የሚሄድ ሮ 80 የተባለ መኪና አወጣ። አውሮፓ «የዓመቱ መኪና» ብሎ ሸለመው፤ ማሸጊያዎቹ ግን ቶሎ ቶሎ እያለቁ ሞተር በዋስትና መቀየር ኩባንያውን አራቆተው፣ በ1969 በፎልክስዋገን እጅ ገባ። ማዝዳም መጀመሪያ ላይ ማሸጊያው የሞተሩን ውስጠኛ ግድግዳ እየቧጨረ አስቸግሮት ነበር። መሐንዲሶቹ ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ስም አወጡለት። እነሱ ግን አልተዉትም። በ1991 ለ ማን የተባለውን የመኪና ውድድር አሸነፉበት፤ አርኤክስ-8 የተባለችውን የስፖርት መኪና እስከ 2012 ሠሩበት። ከዚያ ዘመድ ተሰበሰበ።

ውሳኔው በ2023 ኤምኤክስ-30 አር-ኢቪ ሆኖ ወጣ። ባለ 830 ሲሲዋ አንድ ሮተር ጎማ አታዞርም፤ ጄኔሬተር ብቻ ታዞራለች፣ መኪናውን የሚነዳው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ከዚያ በፊት ንጹሕ ኤሌክትሪክ የሆነችው የዚሁ መኪና እህት በ35.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። «አይበቃም» ተባለ። መፍትሔው? ባትሪውን በግማሽ ቀንሶ 17.8 ማድረግ፣ በተረፈው ቦታ ሞተርና 50 ሊትር ታንከር መጫን። በባትሪ ብቻ 85 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ሮተሯ ቀጭን ስለሆነች ከጄኔሬተሩና ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር በአንድ መስመር ኮፈኑ ሥር ትገባለች። የትራፊክ መብራት ላይ ቁም ተነሳ የለባት፤ በሚስማማት ፍጥነት ትዞራለች። ሞኝነቱ ከቀጣሪው፣ ከባለ መኪናው በኩል ነው።

ፍራንክፈርት የሚኖር አብሮ አደጌ ይህቺኑ መኪና ገዝቷል። ያደግነው የሰፈራችን ካፌ በር ላይ በሰንሰለት የታሰረ ጄኔሬተር እያየን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጩኸቱን እየሰማን ነውና አልፈረድኩበትም። «ለክፉ ቀን ነው» አለኝ። ሥራው ከቤቱ 12 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ጊዜ የሞላ ባትሪ ሦስት ቀን ደርሶ መልስ ይበቃዋል።

የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሲያሳየኝ የቻርጅ ገመዱ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ላስቲኩ አልተቀደደም፣ የታሰረበት ሽቦ እንኳ አልተነካም።

«ይሄንን መቼ ነው የምትሰካው?»

«እኔ አራተኛ ፎቅ፣ መኪናው መንገድ ዳር! ከአራተኛ ፎቅ ገመድ ልወርውር?» አለና ትንሽ አሰበ። «ቤንዚን የጠፋ ዕለት እሰካዋለሁ።»

እሱ ብቻ አይደለም። በ2018 እንግሊዝ አገር፣ በገመድም በቤንዚንም የሚሠሩ የኩባንያ መኪኖች ተመላሽ ሲደረጉ ገመዳቸው ከነላስቲኩ ተገኘ ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ መንግሥት ለእነዚያ መኪኖች መግዣ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2024 የእንዲህ ዓይነት መኪኖችን ትክክለኛ ፍጆታ መዝኖ፣ የሚያወጡት ካርቦን ከወረቀቱ 3.5 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። የአብሮ አደጌ መኪና ወረቀትም በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ይላል። አንድ ሊትር! ለዚያ አጎት መቅመሻ እንኳ አይሆንም።

ክዳኑን ዘግቶ ተሳፈርን። ሁለተኛው መብራት ጋ ሳንደርስ ከኮፈኑ ሥር አንድ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ዘበኛው ነው» አለና ወደ ማደያው ታጠፈ።