በድንጋይ በኩል ባል ፍለጋ

ሴትየዋ ሁልጊዜ የተማረች ናት። ወይ ነርስ ናት፣ ወይ የሙዚየም ባለሙያ፣ ወይ ደግሞ እጮኛዋ ከድቷት ሐዘኗን ለመርሳት ወደ ስኮትላንድ ትኬት የቆረጠች አሜሪካዊት። ጭጋግ አለ። የቆመ ድንጋይ አለ። «ልጄ፣ ተይ አትጠጊው» የሚሉ አንዲት አሮጊትም አሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም፤ ቢሰሙማ መጽሐፉ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ባለቀ ነበር። ድንጋዩን ትነካለች፣ ጆሮዋ ይጮኻል፣ ራሷን ትስታለች። ስትነቃ ዓመቱ 1743 ሆኗል፤ ከፊቷም ጸጉረ ቀይ፣ ትከሻው በበር የማይገባ፣ ከሸሚዝ ጋር የቆየ ጠብ ያለበት ጎልማሳ ቆሟል። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ገብታ ሰባት ስምንት ዓመት ብትዘገይ ጎልማሳውን በሕይወት ላታገኘው ትችላለች።)

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢዋ ታውቀዋለች፤ የምታነበውም ስለምታውቀው ነው። መጀመሪያ ይጣላሉ። ቀጥሎ ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ ወደ ዋሻ ያስገባቸዋል፤ ዋሻው ውስጥ ደግሞ ያለው ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነው።

ይህን ንባብ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ያለፈን ዘመን ያለ ዕዳ የሚያስኖር እንዲህ ያለ ጥበብ ሌላ ቦታ አላየሁማ! እነርሱ ሃይላንድ የሚሉት የስኮትላንድ ደጋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት፣ ጭስ ዓይን የሚያጠፋበት፣ የአጃው አዝመራ ከከዳ ረሃብ የሚገባበት፣ ፈንጣጣ ልጅ የሚለቅምበት አገር ነበር። ልብ ወለዱ ይህን ሁሉ አጥቦና አበጥሮ ያቀርበዋል። ቅማል የለም። የጥርስ ሕመም የለም። ደገኛው ወር ሙሉ ፈረስ ላይ ሰንብቶ ሲመለስ የሚሸተው የጥድ ዛፍ ነው። በበጋ ደም የምትመጠው የዚያ አገር ትንኝ እንኳ ፍቅረኞች ሣር ላይ ሲተኙ ይሉኝታ ይይዛታል።

ትልቁ ተአምር ግን ድንጋዩ ሰው መምረጥ ማወቁ ነው። ይህን ያህል ሴት በዚያ በኩል ሲያልፍ፣ አንዷ እንኳ ሁለት ላምና አንድ ሙቀጫ ያለው ጭሰኛ እጅ ላይ ስትወድቅ አልታየም። የሚቀበላት ምንጊዜም ባለርስት ነው፤ ግንብ አለው፣ የሚታዘዙለት ሰዎች አሉት፣ ስለ ልጅነቱ የማይናገረው ቁስል አለው። በእነዚህ መጻሕፍት ስሌት ከሄድን ያ ደጋ ከጭሰኛው ይልቅ ባላባቱ የበዛበት የዓለም ብቸኛ አገር ነበር። ቋንቋም አያስቸግራትም። የዘመኑ ደገኛ አፉን የፈታው በጌሊክ ነው፤ እንግሊዝኛ ጨርሶ የማይሰማውም ብዙ ነበር። እርሷ ግን አስተርጓሚ ሳትፈልግ ምዕራፍ ሁለት ላይ ስለ ልብ ስብራት ታወያየዋለች።

ለዚህ ሁሉ በሩን ወለል አድርጋ የከፈተችው ዳያና ጋባልደን ናት፤ «አውትላንደር»ን በ1991 ያሳተመችው። አሪዞናዊት ናት፣ በሥነ ምኅዳር ዘርፍ ዶክትሬት ያላት ምሁር። ሐሳቡ የመጣላት «ዶክተር ሁ» በተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ኪልት የሚሉትን ጉርድ መሳይ ልብስ የታጠቀ ስኮትላንዳዊ ወጣት አይታ እንደሆነ፣ መጻፍ ስትጀምርም ስኮትላንድን ረግጣ እንደማታውቅ ራሷ ተናግራለች። ነርሷ ክሌር በ1945 ከባሏ ጋር ኢንቨርነስ ሄዳ ድንጋይ ነክታ 1743 ላይ ትወድቃለች፤ እዚያም ሌላ ባል ታገባለች። ሁለት ባል አላት እንዳይባል የመጀመሪያው ገና አልተወለደም፤ ፈታች እንዳይባል እርሱ አንድ ቦታ ሆኖ ይፈልጋታል። ይህን ሙግት የሚፈታ ሽማግሌ እስካሁን አልተገኘም። ያም ሆኖ ለፍትሕ ያህል ልናገር፦ ጋባልደን ቤተ መጻሕፍት ገብታለች። በእርሷ መጽሐፍ ቁስል ያመግላል፣ ረሃብ አለ፣ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ያላት ሴትም ጠንቋይ ተብላ ትፈረድባታለች። ተከታዮቿ ድንጋዩንና ሰውየውን ተሸክመው ሄዱ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ግን እዚያው ትተውት ነው።

ድንጋዩንም ቢሆን በቅጡ አልጠየቁትም። ከኢንቨርነስ ጥቂት ወጣ ብሎ ክላቫ የሚባል የመቃብር ስፍራ አለ፤ ዕድሜው 4,000 ዓመት ግድም ነው። የተሠራው ሙታን ሊያርፉበት ነበር። ዛሬ ከየአገሩ የመጡ ጎብኚዎች አንዱን የተሰነጠቀ ድንጋይ በመዳፋቸው ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፎቶ ይነሳሉ። ድሩይድ የሚባሉት ካህናት በጽሑፍ የተወሱት እነዚህ ድንጋዮች ከቆሙ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በልብ ወለዱ ግን ትናንት ማታ አቁመዋቸው፣ ቁልፉን ለጀግናይቱ አደራ ብለው ሄደዋል።

አሁን በጣም ወደማደንቀው ነገር ልምጣ። እንዲህ ያለ ፍቅር የሚያምረው ባዶ አገር ላይ ነው። ሸለቆው ጭር ማለት አለበት፤ ኪራዩን ልክፈል ወይስ ልጄን ላብላ እያለ የሚጨነቅ ጭሰኛ መሃል ገብቶ ትዕይንቱን ማበላሸት የለበትም። እግዜር ይስጣቸው፣ ይህን አስቀድመው ያሰናዱ ሰዎች ነበሩ። በሰኔ 1814 ስትራዝኔቨር በተባለው የሰዘርላንድ ሸለቆ የሸለቆው ባለርስት የነበረችው እመቤት ወኪል ፓትሪክ ሴላር ጭሰኞቹን አስወጣ። ተመልሰው እንዳይገቡ ጣራቸው በእሳት ጋየ። የሚገባው በግ ነበር፤ በጉን የሚያረባው ተከራይ ደግሞ ራሱ ሴላር። በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ለፍርድ ቀረበና ነፃ ወጣ።

በዚያው በ1814፣ በሐምሌ ወር፣ ዋልተር ስኮት ስሙን ሳይገልጽ «ዌቨርሊ»ን ኤዲንብራ ላይ አሳተመ። አንድ እንግሊዛዊ ወጣት መኮንን በ1745ቱ አመፅ ዋዜማ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በጎሳው አለቃ ይደነቃል፣ በአለቃው እህት ልቡ ይሰረቃል። ድንጋይ የለውም እንጂ የዛሬው ዘውግ አባት እርሱ ነው። እንግዲህ በአንድ ወር ልዩነት አንዱ ሰው ደገኛውን ከገዛ ቤቱ ሲያስወጣው፣ ሌላው አንባቢ ሳሎን አስገባው። ሳሎን የገባው ደገኛ ከወጣው ይሻላል፤ ምግብ አይጠይቅም፣ ርስቴን አይልም፣ ሲታክትሽ ትከድኚዋለሽ።

ስኮት በዚህ አላበቃም። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኝ ድግሱን የመራው እርሱ ነበር። እንደ በርሜል የወፈረው ንጉሥ ኪልት ታጥቆ፣ ከሥሩ ሥጋ መሳይ ሮዝ ካልሲ እስከ ጭኑ ስቦ ወጣ። የአያቱ አባት፣ ዳግማዊ ጆርጅ፣ በነገሠበት ዘመን ይኸው ልብስ በሕግ ታግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በ1782 ነው። ለእያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ጥለት አለው የሚባለው ሥርዓትም በአብዛኛው የተደራጀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጨርቅ ሻጮች እጃቸውን አሳርፈውበታል። ስለዚህ በ1743 ጀግናይቱ ጨርቁን ገና አይታ የጎሳውን ስም የምትለየው ከሸማኔዎቹ ቀድማ ነው። ብልህ ሴት!

በሽፋኑ ላይ ነፋስ ጸጉሩን የሚነሰንስለትን ባላባት በአካል ማየት ለሚሻ ግን አለሁ፤ የግሌንጋሪውን አለቃ አላስዴር ማክዶኔልን ልጠቁመው። ሥዕሉን ሬይበርን ስሎታል፤ ጉልበቱ ራቁት፣ ጠመንጃው በእጁ፣ ኩራቱ ከክፈፉ የሚወጣ። በ1815 የእውነተኛ ደገኞች ማኅበር የሚባል መሠረተ። ያ ሁሉ የደገኛነት ፍቅር እያለው የገዛ ጭሰኞቹን ለበግና ለገንዘብ ሲል ከመሬታቸው አፈናቀለ፤ ከዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ካናዳ ገብቷል። የልብ ወለዱ ጀግና ምዕራፍ ማለቂያ ላይ ደጋግሞ «ሕዝቤ» ይላል። ሕዝቡ ግን መርከብ ላይ ነው።

«ኧረ መዝናኛ ነው፣ ምን አካበድከው» የሚሉኝ አሉ። እስማማለሁ። መዝናኛ ነው። በ16 ሚያዝያ 1746 ከለደን ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ባልሞላ ውጊያ ያቆባውያን ከሚባሉት የ1745ቱ አመፅ ተዋጊዎች 1,500 ያህሉ ወደቁ፤ በየጎሳቸው ስም በጅምላ መቃብሮቹ ላይ ድንጋይ የተተከለው በ1881 ነው። በቅርብ ዓመታት የፍሬዘር ጎሳ ድንጋይ አበባ ይጎርፍለት ጀመር፤ ዙሪያው ያለው ሣር በእግር ብዛት አልቆ አጥር አስፈልጎታል። የሚለቀሰው ለጄሚ ፍሬዘር ነው። ጄሚ የ«አውትላንደር» ጀግና፣ የልብ ወለድ ሰው ነው፤ በልብ ወለዱም ቢሆን ከዚያ ውጊያ በሕይወት ተርፏል። ከሣሩ ሥር ያሉት እውነተኞቹ ሙታን ባልኖረና ባልሞተ ሰው ለቅሶ መሃል ድንኳን ሆነው ያገለግላሉ። ቅሬታ ሲያቀርቡ አልተሰማም።

ድንጋይ ያልበቃት አንባቢ ደግሞ አለች። ለእርሷ አየርላንድ ተዘጋጅታለች። የኦሃዮዋ ካረን ማሪ ሞኒንግ ከ1999 ጀምራ ደገኞችን ስትጽፍ ቆይታ በ2006 ወደ ደብሊን ተሻገረች፤ በአገሩ ተረት ከጉብታ ሥር የሚኖሩትን የማይሞቱ ፍጥረታት፣ መልካቸው የሚያሳብድ መሳፍንት አድርጋ አወጣቻቸው። እርሷን የተከተሉት ብዙ ናቸው። የእነርሱ መስፍን ሦስት ሺህ ዓመት ኖሯል፤ መንግሥታት ሲነሱና ሲወድቁ አይቷል፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ ግን መጽሐፍ መደብር ከምትሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በቀር ልቡን የሚያጫውተው ሰው አላገኘም።

የአገሬው ሰው እነዚህን ፍጥረታት ያቆላምጥ የነበረው እንዳይመጡበት ነው። «ደጋጎቹ» እያለ የሚጠራቸው ደግነታቸውን ቀምሶ አይደለም። የራሱም የጊዜ ጉዞ ታሪክ ነበረው፤ ኦሺን የተባለው ጀግና የወጣትነት ምድር ልዕልት ነጭ ፈረስ ላይ አስቀምጣ ወሰደችው። ሦስት ዓመት የቆየ መሰለው። አገሩ ናፍቆት ሲመለስ 300 ዓመት አልፏል፤ ከፈረስ እንዳይወርድ ግን ተነግሮታል። መንገድ ላይ ድንጋይ ማንሳት ያቃታቸውን ሰዎች ሊያግዝ ጎንበስ ሲል የኮርቻው መቀነት ተበጠሰ፤ መሬት ሲነካ የ300 ዓመቱ ዕዳ ባንድ ጊዜ ጸጉሩና ወገቡ ላይ ወደቀ። አሳታሚ እንዲህ ያለውን መጨረሻ አይቀበልም፤ ለተከታይ ክፍል አይመችም።

የባሰም አለ። በ1895 ቲፐራሪ ውስጥ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ልብስ ሰፊ ታመመች። ባሏ «ይህች ሚስቴ አይደለችም፣ ደጋጎቹ ወስደው ምትክ ትተውልኝ ነው» ብሎ አመነ፤ በእሳትም ገደላት። ከዚያ በኋላ በአቅራቢያው ባለ የጥንት ጉብታ እውነተኛዋ ሚስቱ በነጭ ፈረስ ትወጣለች ብሎ ሌሊት ጠበቀ። አልወጣችም። ይህ ታሪክ ፍቅርም፣ ሚስጥራዊ ፍጥረትም፣ ነጭ ፈረስም አለው፤ ግን ለመኝታ ሰዓት ንባብ አልመክረውም።

ከአማርኛ አንባቢዎች መካከል ከዚህ ሁሉ በኋላም የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ የምትመኝ ካለች ብዙ አትድከም፤ አንዱ በእግሩ መጥቶልን ነበር። ጄምስ ብሩስ የደጋው ሰው ባይሆንም ጸጉሩ ቀይ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 የሚያልፍ፣ ፈረስ ግልቢያውና ተኩሱ የተመሰከረለት ነበር። በ1770 ጎንደር ገባ። ያስገባውም የፍቅር ጉዳይ አልነበረም፤ የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ነው። ቁስቋም ላይ በፈንጣጣ የተያዙትን የቤተ መንግሥት ልጆች አከመ፤ የነርስነቱንም ድርሻ የወሰደው እንግዲህ ደገኛ መሳዩ ሰውዬ ራሱ ነው። ስለ ወይዘሮ አስቴር ውበትና ግርማ በመጽሐፉ ብዙ ጽፏል፤ ወይዘሮዋ ግን ባለቤታቸው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩና ነገሩ ጽሑፍ ላይ ቀረ። ሲሄድ የመጽሐፈ ሔኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ።

አውሮፓ ሲደርስ ያጫት ሴት አንድ ጣሊያናዊ ባላባት አግብታ ጠበቀችው። የልብ ወለዷ ሴት ሁለት መቶ ዓመት ትጠብቃለች፤ እውነተኛዋ አሥር ዓመት እንኳ በዛባት፤ አልፈርድባትም። በ1790 የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ሕዝብ የጻፈውን የለንደን ሰው ተረት ነው ብሎ ሳቀበት። በ1794 ቤቱ እንግዶች ጋብዞ፣ አንዲትን እመቤት ሠረገላዋ ድረስ ልሸኝ ብሎ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 63፣ ክብደቱም ለሽፋን ሥዕል የማይመች ነበር።