ወይዘሮ ቃጫ ስትወልድ

ቦንጋ ውስጥ ቡና የት እንደተወለደ የማያውቅ ልጅ የለም። ከመንገድ አንዱን ጠርታችሁ ብትጠይቁት ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ «ዴቻ ወረዳ፣ ማንኪራ ጫካ» ይላችኋል። «የለም፣ ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው» የሚሉትን የጅማ ሰዎች ካነሣችሁበትማ እራታችሁ ይቀዘቅዛል። ለቡና ልደት ብሔራዊ ሙዚየም ተሠርቶልናል። ጫካችንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይኸው ልጅ «አንተስ ከየት መጣህ?» ሲባል ግን «ከገበያ ተገዝቼ» ነው መልሱ።

እኔም ከዋሾዎቹ አንዱ ነበርኩ። እህቴ ድርስ ሆና ሳለ የስድስት ዓመት ልጇ ሆዷን ትክ ብላ አየችና «እማዬ ምን ሆና ነው?» አለች። እህቴ «ቆጮ በዝቶብኝ ነው» አለቻት። እኔ የተሻለ ዋሸሁ መስሎኝ «ወንድም ልንገዛልሽ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ሕፃኗ የበዓል ስጦታዋን አሥር ብር ጨብጣ ገበያ ወረደች። ማር ሻጯ ዘንድ ቆማ «ወንድም ስንት ነው?» ትላለች። ሴትዮዋም ነጋዴ ናትና ሳትደነግጥ «ወንድም ዛሬ አልገባም፤ ማር ግን አለ» አለቻት። ጣቷን አስልሳ መለሰቻት። ልጅቷ ቤት ስትገባ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የምንገዛው ነጩን ነው ቀዩን?»

ያን ማታ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ፤ አማርኛ አለቀብኝ። ለእርግዝናው ስም ሞልቶናል፦ ነፍሰ ጡር፣ ድርስ፣ ባለ ሁለት ነፍስ። ሕፃኑ የሚወጣበትን በር ለመጥራት ስትሉ ግን ያለው ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ የመማሪያ መጽሐፍ ግዕዝ። «በዚያ በኩል» ብዬ በእጄ ሳሳይ ልጅቷ ወደ ጅማ መስሏት በመስኮት አየች።

አፍ እንቢ ካለ እጅ ይናገር ብዬ መርፌ አነሣሁ። ነፍሰ ጡር አሻንጉሊት ልሰፋ ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንኩ። ገላዋን ከእህቴ አሮጌ ቀሚስ ቆረጥኩ፣ ውስጧን በእንሰት ቃጫ ጠቀጠቅኩ፣ ከጥቁር ሹራብ ክር ሹሩባ ሠራሁላት። ሆዷን እንደ ኪስ ክፍት ትቼ የኪሱን አፍ ወደ ታች አዞርኩና ከካልሲ አፍ የፈታሁትን ላስቲክ አስገባሁበት። ሕፃኑ ጡጫ የሚያክል ሆነ። እትብቱ የራሴ የጫማ ማሰሪያ ነው፤ እኔ አንድ እግሬን በቃጫ አስሬ ሥራ ገባሁ። የሰፈሩ ልጆች ወይዘሮ ቃጫ ብለው ሰየሟት።

የአሻንጉሊቷ ወሬ ጫማዬን ቀድሞት ነበር። «የተማረ ሰው አሻንጉሊት ይሰፋል!» ብለው የሳቁብኝን የሥራ ባልደረቦቼን ፈረንሳይ ድረስ ወስጄ ነው ያስታገሥኳቸው። አንጄሊክ ዱ ኩድሬ የምትባል አዋላጅ ነበረች። በ1759 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በየገጠሩ እየዞረች ሴቶችን ማዋለድ እንድታስተምር ፈቀደላት። ያስተማረችውም ከጨርቅና ከቆዳ በሰፋችው እናትና ልጅ ነው። አንዷ ዛሬም ሩዋን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። ባልደረቦቼ ጥቂት ዝም አሉና አንዱ «እሷስ ደመወዟ ስንት ነበር?» አለኝ።

የወይዘሮ ቃጫ የምጥ ቀን እሑድ ዋለ። በረንዳው ላይ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተኮልኩሏል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን እማማ ስንቱን ያዋለዱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በየቤቱ መዞር ከጀመሩ ወዲህ ግን የመጣባቸውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሸኙት። እኔ «እንግዲህ ማኅፀን ማለት…» ብዬ ሳልጨርስ እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ማርያም፣ ማርያም!» ማለት ጀመሩ። ልጆቹ ተቀበሏቸው። ላስቲኩ ጠበቀና ሕፃኑ ገተረ። በስንት ግፊያ መጀመሪያ የወጣው እግሩ ሆነ።

«በእግሩ የመጣ የቤት ሥራ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ!» አሉ እማማ። ሁለት ልጆች ባጃጅ ሆኑ፣ ወይዘሮ ቃጫ በሰፌድ ተጭና ጓሮውን ሁለት ዙር ዞረች። እዚያው ሰፌዱ ላይ ተገላገለች። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

«ወንድ ነው ሴት?»

እሱን መስፋት ረስቼዋለሁ። በእማማ ደንብ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው እልልታው። የእህቴ ልጅ ጣቷን ቆጠረችና «አምስት በሉ» ብላ ፈረደች። አምስት ተባለ።

እኔ ጨረስኩ ብዬ ዕቃ ስሰበስብ እማማ አሻንጉሊቷን ገልብጠው መረመሯት። «የእንግዴ ልጁ የታለ?» አሉ። «እሱ ካልወጣ እኮ ይህች ሴት ደም ፈሷት መሞቷ ነው።» ሳቁ ቆመ። መጽሐፍ አገላብጬ፣ ፈረንሳይ ደርሼ ተመልሼ፣ እናቲቱን የሚገድለውን ነገር ዘልዬዋለሁ። እዚያው ቀይ ጨርቅ እንደ ቂጣ ክብ አድርጌ ቆርጬ በማሰሪያው ጫፍ ሰፋሁት። ልጆቹ ደግመው አዋለዷት፤ አሁን ሁሉም ሲወጣ ጠብቀው፣ ቆጥረው ነው እልል ያሉት።

እህቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ቤት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ጠያቂዎቹ ገንፎውን ከበው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ ያቺ የገበያ ደንበኛ መሐላቸው ገብታ እናቷን «የእንግዴ ልጁስ ወጣ?» አለቻት። አንዲት ሴትዮ ማንኪያዋን አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው። ከማዕዘኑ እማማ ብቻ «ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ ቃጫ ከዚያ ወዲህ እየተዋሰች ከቤት ቤት ትዞራለች። ስንት እንደወለደች መቁጠር ትተናል። ላስቲኳ ግን ላልቶ አሁን ገና ሲያነሷት ትወልዳለች። ወደ ቦንጋ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ጠንካራ፣ ጣት የሚያህል ላስቲክ ላኩልኝ። ጥቁር የጫማ ማሰሪያም ካገኛችሁ አንድ ጨምሩበት፤ እሱ ለራሴ ነው።