ከመስመሩ በላይ ማን አለ?

ድሮ ቁማርተኛ ሲበላ «ተበላሁ» ይል ነበር። ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ሰሚውም «አይዞህ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። ኒው ጀርሲ የሚኖረው ወዳጄ ግን ተበልቶ አያውቅም። እሱ «ከኢቪ በታች ነኝ» ነው የሚለው። ይህን ብሎም አይተውህም፤ ስልኩን አውጥቶ ሥዕል ያሳይሃል።

ሥዕሉን ያላያችሁ ተመስገን በሉ። በኢንተርኔት ፖከር የሚጫወቱ ሰዎች ጨዋታቸውን አንድ በአንድ የሚመዘግብ ፕሮግራም አላቸው፤ ፖከርትራከርና ሆልደም ማናጀር የታወቁት ናቸው። ፕሮግራሙ ሁለት መስመር ያሰምራል። አንደኛው በእርግጥ የገባውና የወጣው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያለህን ሁሉ አስይዘህ፣ ኦል ኢን ብለህ፣ ካርታ በተገላለጠ ጊዜ፣ በስሌት ሊደርስህ ይገባ የነበረው ነው፤ ኢቪ የሚሉት ይህን ነው። የወዳጄ ሁለተኛ መስመር ሽቅብ ሲወጣ አንደኛው ቁልቁል ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይኖራል።

በስሌቱ ላይ ነቀፋ የለኝም። አንተ ሁለት አስ፣ ባላጋራህ ሁለት ኪንግ ይዛችሁ፣ እያንዳንዳችሁ 100 ዶላር አስይዛችኋል እንበል። የጋራው ካርታ ገና ሳይወርድ አስ የያዘው ከ100 ጊዜ 82 ጊዜ ገደማ ያሸንፋል። ስለዚህ ከ200 ዶላሩ 164ቱ ያንተ ነው፤ ያስያዝከው 100 ሲነሣለት ትርፍህ 64 ይሆናል። ኪንግ ወርዶ ብትበላ አንደኛው መስመር በ100 ሲወርድ ሁለተኛው በ64 ይወጣል። በአንድ ጨዋታ ብቻ የ164 ዶላር ልዩነት! ወዳጄ ይህን ልዩነት «ያለኝ ገንዘብ» ይለዋል። ያበደርኩትን ስጠይቀው ሥዕሉን ላከልኝ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስፈልግ ፈረንሳይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1654 ሸቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ቁማር የሚወድ ሰው ብሌዝ ፓስካልን ይጠይቀዋል፤ ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ እንዴት ይከፈላል? ፓስካል ለፒየር ደ ፌርማ ጻፈለት። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ፒስቶል አስይዘዋል፤ ቀድሞ ሦስቴ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል፤ አንዱ ሁለቴ ሌላው አንዴ አሸንፈው ሳለ ጨዋታው ተቋረጠ። መሪው የሚቀጥለውን ቢያሸንፍ 64ቱን ይጠቀልላል፤ ቢሸነፍ እንኳ እኩል ስለሚሆኑ 32 አያጣም። ስለዚህ 32ቱን አስቀድሞ ይያዝ፤ የቀረውን 32 ለሁለት ይካፈሉ፤ 48 ለመሪው፣ 16 ለተከታዩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሆላንዱ ክርስቲያን ሁይገንስ ነገሩን በመጽሐፍ አወጣው፤ የወዳጄ መስመር የልጅ ልጅ ልጁ ነው።

ግን ጨዋታው ለምን ተቋረጠ? እኔ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ራት ቀርቦ ይሆን? ለቅሶ ተጠርተው? እኛ ዘንድ ቢሆን 48ና 16 የሚል ንግግር ይነሣ ነበር? «ያዘው በሞቴ»፣ «አልይዝም»፣ «እንግዲያው በእናትህ ሞት» ሲባባሉ ገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ ያድር ነበር። የምግብ ቤት ሒሳብ ላይ ስንጣላ የሚያይ አሜሪካዊ አስተናጋጅ ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያለ ነው የሚቆመው። ወዳጄ ይህንንም አስተካክላለሁ ብሎ ዕጣ አመጣ፤ የደረሰው ሙሉውን ይከፍላል፣ «በረጅም ጊዜ ሁላችንም እኩል ነን»። ዕጣው በየጊዜው ጋሼ በምንላቸው አንድ አዛውንት ላይ ይወድቅ ጀመር። ወዳጄ ሊያጽናናቸው ፈልጎ «አይዞዎት ጋሼ፣ ከኢቪ በታች ስለሆኑ ነው» አላቸው። «ሐኪሙ ስኳር ብቻ ነው ያለኝ» አሉና ከፈሉ።

ወደ ፓስካል ልመለስ። የፓስካል ጨዋታ የተቋረጠ ነው። ያልተጫወቱትን መጫወት ስለማይችሉ ነው ያሰሉት። የወዳጄ ጨዋታ ግን መቼ ተቋረጠ? ካርታው ወርዷል፤ ኪንግ መጥቷል፤ ገንዘቡ ባለቤቱ ዘንድ ገብቷል።

የሚያበሳጨኝ ግን ይህ አይደለም። ያው ሰው በአሱ ሲያሸንፍ 100 ዶላር ያተርፋል፤ መስመሩ ግን የሚገባህ 64 ነው ይለዋል። ታዲያ 36ቱ የማን ነው? አንድ ቀን እንኳ «የሰው ገንዘብ ገባብኝ» ብሎ ሲጨነቅ አልሰማሁም። ደግሞም በእያንዳንዱ ኦል ኢን አንዱ ከስሌቱ በታች የወረደውን ያህል ሌላው የግድ ከስሌቱ በላይ ይወጣል፤ ከቁማር ቤቱ ኮሚሽን በቀር ገንዘቡ ሌላ መሄጃ የለውም። እና የት ናቸው? የማገኘው ቁማርተኛ ሁሉ ከመስመሩ በታች ነው። ሁሉም አበዳሪ፣ ተበዳሪ የለም! የተሸነፈውን ሁሉ በዕድል ላይ በብድር የሚጽፍ፣ ያሸነፈውን ሁሉ በችሎታው የሚያስመዘግብ ሰው ሒሳብ አያውቅም፤ ዓይን አውጣ ነው። የሁለቱ መስመሮች ልዩነት እኮ ኦል ኢን ሳይባል በፊት የተሠራውን ስንፍና አይቆጥርም፤ መጣል የነበረበትን ካርታ ይዞ እስከ መጨረሻ የተንጠለጠለበትን ሌሊት ሁሉ አይቆጥርም።

ከመስመሩ በላይ ለመሆኑ ምስክር ያለው አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም በቴሌቪዥን ስለታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር ክሪስ መኒሜከር አስና ኩዊን፣ ፊል አይቪ ሁለት ዘጠኝ ይዘው ተፋጠጡ። ሁለት ኩዊንና ስድስት ወረደ፤ ቀጥሎ ዘጠኝ መጣ፤ አይቪ ሦስት ኩዊንን የሚበልጠውን ፉል ሃውስ ሠራ። ካልታዩት 44 ካርታዎች መኒሜከርን የሚያድኑት 7 ብቻ ነበሩ። አስ ወረደ። አይቪ በ10ኛነት ወደ ቤቱ ሄደ፤ መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሰውየው በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ልዩነቱን ለአይቪ ሲመልስ ግን አልታየም።

ይሁን እንጂ ወዳጄን ሙሉ በሙሉ ልፈርድበት አልችልም። አገር ቤት መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ሌሊት ሌሊት የፓርኪንግ ትኬት ይቆርጣል። ለዚህኛው ልዩነት መስመር የሚያሰምርለት ፕሮግራም የለም። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ነገር ጀምሯል፤ ኦል ኢን ሲሆኑ የቀረውን ካርታ ሁለት ጊዜ አውርዶ ገንዘቡን ለሁለት መክፈል። አማካዩ ያው ነው፤ ድንጋጤው ብቻ ይቀንሳል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለምግቡ ሒሳብም ዕጣው ሁለት ጊዜ ይውጣ ብለዋል፤ ነገሩ ገና አልተወሰነም።

እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመስመሩ በላይ የሆነና አፍ አውጥቶ የሚናገር ቁማርተኛ የምታውቅ ከሆነ አገናኘን። ምሳ እኔ እከፍላለሁ፤ ያለ ዕጣ።